አክሮፖራ የሚበላውን ጠፍጣፋ ትል ከታንኬ ለማስወጣት፦ ከማርች እስከ ጁን

ታንኩ ኮራል የማሳድግበት የጨው ውሃ አኳሪየም ነው፤ 90 ጋሎን፣ 340 ሊትር ገደማ። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ቤዝመንት ውስጥ። ከሥሩ ሰምፕ (ውሃው የሚጣራበት ሁለተኛ ታንክ) እና ስኪመር (ቆሻሻን በአረፋ የሚያወጣ ማጣሪያ) አለው። ሙቀቱ 25.5 ዲግሪ፣ ጨዋማነቱ 35 ፒፒቲ (ከሺህ 35 እጅ)፣ አልካላይኒቲው (አሲድን የመቋቋም አቅሙ) 8.2 ዲኬኤች፣ ካልሲየሙ 430፣ ማግኒዚየሙ 1350። ከላይ አብዛኛው አክሮፖራ የሚባለው ቅርንጫፋም ኮራል ነው፤ መሃል ላይ ሁለት ሞንቲፖራ፣ ታች ዞአንተስ፤ እነሱም ሌሎች የኮራል ዓይነቶች ናቸው።

ማርች መጀመሪያ፦ ቀለም ሳሳ

መሃል ያለው ወይን ጠጅ አክሮፖራ ቀለሙ እየሳሳ ነው። ቀን ፖሊፖቹን ጨርሶ አያወጣም፤ ማታ መብራት ከጠፋ በኋላም ከፊሉ ብቻ ነው የሚወጣው። ኮራል እንስሳ ነው። ፖሊፕ የምንላቸው ትንንሽ አፎቹና ጣቶቹ ተዘግተው ከዋሉ የሚያስቸግረው ነገር አለ ማለት ነው።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ውሃውን ነው። ጨዋማነት የሚለካውን ሬፍራክቶሜትር በመለኪያ ፈሳሹ አስተካክዬ ደግሜ አየሁ፤ 35። ናይትሬት 5፣ ፎስፌት 0.05። የአልካላይኒቲ መለኪያው ጊዜው አልፎበት እንዳይሆን ብዬ አዲስ ገዛሁ፤ 25 ዶላር። ውጤቱ ያው ነው። መብራቱን በ10 በመቶ ቀነስኩና አንድ ሳምንት ጠበቅኩ። ምንም አልተለወጠም።

ግራ የገባኝ ሞንቲፖራዎቹ ናቸው። አጠገቡ ሆነው ጠርዛቸው ነጭ ሆኖ እያደጉ ነው፤ በጤናቸው። አክሮፖራ ከሁሉም ቀድሞ የሚታመም ኮራል መሆኑ እውነት ነው፤ ግን ሳምንታት ሙሉ አክሮፖራ ብቻ እየታመመ ሌላው ምንም ካልሆነ ውሃን መውቀስ አይበቃም።

ማርች አጋማሽ፦ የንክሻ ምልክት

ጎኔን መሬት ላይ አስተኝቼ በእጅ ባትሪና በማጉያ መነጽር ከታች ወደ ላይ አየሁት። ብርሃን በማያገኘው ጎን፣ ቅርንጫፉ ከሥሩ ጋር በሚገናኝበት አካባቢ፣ አንድ ሚሊሜትር የሚያህሉ ክብ ነጣ ያሉ ነጥቦች ተደርድረዋል። ከላይ ሲታይ ምንም የለም። ሕመሙ ከጥላው በኩል ነው የጀመረው።

ይህ የጠፍጣፋ ትል ንክሻ ነው። አክሮፖራን ብቻ የሚበላ ትል ነው። የቤት አኳሪየም ያላቸው ሰዎች ሳይንስ ስም ሳያወጣለት ዓመታት ቀድመው ሲታገሉት ኖረዋል፤ በይፋ የተገለጸው በ2011 ነው፣ አማኩሳፕላና አክሮፖሬ ተብሎ። አሁን ፕሮስቲዮስቶመም ወደሚባለው ወገን ተዛውሯል። በኋላ ደግሞ በአውስትራሊያ ታላቁ ባሪየር ሪፍ፣ ሊዛርድ ደሴት አካባቢ፣ በዱር ኮራል ላይ ተገኝቷል። እዚያ የሚበሉት ዓሦችና ሸርጣኖች አሉ፤ ታንክ ውስጥ ግን የሚከለክለው የለም።

ትሉን በዓይን ማግኘት አስቸጋሪ የሚሆነው ቆዳው ብርሃን የሚያሳልፍ ስለሆነና የበላው የኮራል ቀለም ሆዱ ውስጥ ስለሚታይ ነው። ወይን ጠጁን የበላ ወይን ጠጅ ይመስላል፤ አረንጓዴውን የበላ አረንጓዴ። ተለጥፎ ሲቀመጥ ከኮራሉ ሥጋ አይለይም።

ስለዚህ ቱርክ ሲጠበስ መረቅ የሚያፈሱበትን፣ ጫፉ ላይ የጎማ ፊኛ ያለውን ቱቦ ከማዕድ ቤት አወረድኩ። ፓምፖቹን አጠፋሁ። ኮራሉን ከነድንጋዩ አውጥቼ የታንክ ውሃ የያዘ ነጭ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አስቀመጥኩና ከየአቅጣጫው በኃይል ውሃ ረጨሁበት። የአሥር ዓመት ልጄ ባትሪውን ይዛ አጠገቤ ቆማ ነበር።

«አባዬ፣ ይሄኛው እኮ ቆሻሻ አይደለም፤ እየሄደ ነው።»

እውነቷን ነው። ሞላላ፣ ከምስር ክክ የሚያንስ፣ ጠርዙ እየተርገበገበ በሳህኑ ወለል ላይ ይንሸራተታል። በማጉያው ስናየው ፊት ለፊቱ ላይ የዓይን ነጥቦች ተሰብስበው ይታያሉ፤ መሃሉ ላይ ደግሞ የኮራሉ ቡናማ ቀለም ተበታትኗል። ሳህኑን ወደ ብርሃን ስናዘነብለው ሌሎችም ብቅ አሉ።

ከዚያ ኮራሉን ገለበጥኩት። የተለጠፈበት የሴራሚክ ፕለግ (ትንሽ መቀመጫ) ጠርዝ ላይ፣ ሥጋው ተበልቶ አጥንቱ በተጋለጠበት ቦታ፣ ወርቃማ ቡና የሚመስል ቀለም ያላቸው ጥቃቅን ክብ ነገሮች ተጠጋግተው ተለጥፈዋል። እንቁላል ነው። በአንዱ ሽፋን ውስጥ ከአንድ በላይ ፅንስ አለ። በጥፍሬ ጫፍ ሞከርኩት፤ ሲሚንቶ ነው፣ አይነሳም።

ማርች መጨረሻ፦ ዕቅድ

ቨርጂኒያ ያለ ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ። ለዓመታት አክሮፖራ እየቆረጠ ሲያሳድግ የኖረ ሰው ነው። መጀመሪያ የጠየቅኩት የትኛው ዲፕ፣ ማለትም ኮራሉ የሚነከርበት መድኃኒት፣ እንደሚሻል ነበር። «ስማ፣ የዲፑን ነገር ለጊዜው ተወው» አለኝ። «ዲፕ ትሉን ነው የሚጥልልህ፤ እንቁላሉን አይነካውም። አንተ እንቁላሉ ያለበትን ሥሩን ቆርጠህ ጣል። የቀረውን በቀን መቁጠሪያ ነው የምትሠራው።»

የዚህ ሥራ ቁልፍ ይሄ ነው። አውስትራሊያ፣ ጄምስ ኩክ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ትሉን ላብራቶሪ ውስጥ አሳድገው እንዳዩት፣ በ27 ዲግሪ ከእንቁላል እንቁላል እስከሚጥል ድረስ ሙሉ ዑደቱን በ38 ቀን ገደማ ይጨርሳል። ውሃው ሲሞቅ እንቁላሉ ቶሎ ይፈለፈላል፤ ሲቀዘቅዝ ይዘገያል። የተፈለፈለው ትል አክሮፖራ ካላገኘ በረሃብ ይሞታል። ከዚህ ሁለት ነገር ይወጣል። አንደኛ፣ ኮራሉ በየሳምንቱ ከታጠበ ዛሬ የተፈለፈለው አድጎ እንቁላል ሳይጥል ይያዛል። ሁለተኛ፣ ዋናው ታንክ ውስጥ አንድም አክሮፖራ ካልቀረ እዚያ የቀረው ትል የሚበላው የለውም።

ስለዚህ አክሮፖራው ሁሉ ይወጣል። ለማከሚያ 20 ጋሎን ታንክ፣ ሂተር (ውሃ ማሞቂያ)፣ ትንሽ ፓምፕና ያገለገለ መብራት ገዛሁ፤ ሁሉም 185 ዶላር። ወለሉ ላይ አሸዋ አላደረግኩም፤ የሚወድቀው ነገር እንዲታይና በቱቦ እንዲሳብ። ድንጋይም የለውም። ውሃው አዲስ የተበጠበጠ ጨው ነው፤ ከዋናው ታንክ ብቀዳ ትሉን አብሬ እቀዳለሁ። ሂተሩ 27 ላይ ነው። እንቁላል ካመለጠኝ ቶሎ ይፈልፈል፣ ዲፑም ይድረስበት።

ኤፕሪል መጀመሪያ፦ ቆረጣ

የአጥንት መቁረጫ ፒንሳ፣ 32 ዶላር። አዲስ ፕለግ አንድ ከረጢት፣ 15። ጄል ሱፐር ግሉ፣ ባለ ሁለት ክፍል ኢፖክሲ፣ ጓንት፣ የዓይን መከላከያ። መከላከያውን እንዳትዘሉት፤ አክሮፖራ ሲቆረጥ ፍርፋሪው እንደ መስታወት ይፈናጠራል።

አሠራሩ ይህ ነው። ኮራሉ ከሥሩ ሁለት ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ ይቆረጣል። ላይኛው ክፍል ሥጋው እስከ ታች የሸፈነው መሆን አለበት፤ እንቁላል የሚጣለው ባዶ አጥንት ላይ ስለሆነ ነጭ የሚታይበት ቦታ ሁሉ ይወገዳል። ከዚያ ይነከራል፣ ይታጠባል፣ በአዲስ ፕለግ ላይ ይለጠፋል። አሮጌው ፕለግና ሥሩ በፕላስቲክ ታስሮ ወደ ቆሻሻ ይሄዳል። ጓደኛዬ «ለሥሩ አትዘንለት» ብሎኝ ነበር። ማዘኔ ግን አልቀረም፤ ከአንዲት የጣት ጫፍ ከምታህል ፍራግ (የኮራል ቁራጭ) ጀምሬ ያሳደግኩት ነው፣ ድንጋዩን አቅፎ የተዘረጋው ሥር ራሱ ውበት ነበረው።

ያስቸገረኝ ግሪን ስላይመር የሚባለው አረንጓዴ አክሮፖራ ነው፤ ሳይንሳዊ ስሙ አክሮፖራ ዮንጌ። በፍጥነት ስለሚያድግ ትልቁ ድንጋይ ላይ እንደ ልጥፍ ተዘርግቷል። ቅርንጫፉ ተቆርጦ ቢወጣም ድንጋዩ ላይ የቀረው ሥጋ በሕይወት አለ፤ እሱ እስካለ ደግሞ ትሉ ቀለብ አለው። በጠፍጣፋ መሮ መፋቅ ጀመርኩ፤ ጎበጥ ያለው ላይ ሠራ፣ ስንጥቁ ውስጥ ግን አልገባም። መጨረሻ ላይ ድንጋዩን አውጥቼ ላዩን በመዶሻ አነሳሁት፤ ስንጥቁን በኢፖክሲ ደፈንኩት። ከኢፖክሲው ሥር ያለው ሥጋ ብርሃንም ውሃም ስለማያገኝ ይሞታል። አንድ ከሰዓት ሙሉ የፈጀው ይሄ አንድ ድንጋይ ነው።

ዲፑ ሦስት ባልዲ ነው፤ ሁሉም የጨው ውሃ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ሙቀት። አንደኛው መድኃኒቱ ያለበት፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ማለቅለቂያ። የተጠቀምኩት ከዕፅዋት ዘይት የሚሠራውን የኮራል ዲፕ ነው፤ 28 ዶላር፣ መጠኑ እንደ ማሸጊያው። መድኃኒቱ ትሉን ያደነዝዘዋል እንጂ ሁሉንም በራሱ አያራግፍም። ኮራሉ ዝም ብሎ ተነክሮ ሲቀመጥ ብዙው እንደተለጠፈ ይቀራል። በየደቂቃው በቱቦው ሲረጭ ነው የሚወርደው፤ በተለይ ቅርንጫፍ ከቅርንጫፍ በሚገናኝበት ጉያ ውስጥ። መጀመሪያ ቀን ባልዲው ሥር የተጠራቀመውን ሳይ ኮራሉ ያን ሁሉ ጊዜ መቆሙ ራሱ ገረመኝ።

ስለ ሌሎቹ መድኃኒቶች

ብዙ ሰው ለቤትና ለአትክልት ነፍሳት የሚሸጠውን፣ ኢሚዳክሎፕሪድ ያለበትን መርዝ ለዲፕ ይጠቀማል። ትሉን እንደሚጥል አያጠራጥርም። እኔ ግን አልነካውም። ኢሚዳክሎፕሪድ ለውሃ ውስጥ ሸርጣንና ሽሪምፕ መሰል እንስሳት እጅግ መርዝ ነው፤ በደንብ ያልታጠበ ኮራል ወደ ታንኩ ይዞት ይመለሳል። ባልዲውን ደግሞ የሆነ ቦታ መድፋት አለ። እዚህ አገር ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ውጭ መጠቀም በፌዴራል ሕግም የተከለከለ ነው። ሕፃን ባለበት ቤት ውስጥ አላስገባውም።

ሌቫሚሶል ሌላው አማራጭ ነው። ለአገር ቤት ሰው እንግዳ አይደለም፤ ለበግና ለፍየል የሆድ ትል የሚሰጠው የቴትራሚዞል ግማሽ አካል ነው፣ የሚሠራውም ግማሽ። ትሉን ሽባ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ተለጥፎ መቆየት አይችልም። እንቁላሉን ግን እሱም አይገድልም። የመጀመሪያው ዲፕ ካልበቃ ብዬ ገዝቼ አስቀመጥኩት፤ አልተከፈተም። ሚልቤማይሲን የሚባለው የውሻ ክኒን ደግሞ አክሮፖራ ላይ ለሚኖረው ቀይ ቅማል መሰል ተባይ ነው የሚሆነው፤ ለጠፍጣፋ ትል አይደለም። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው በከንቱ ሸርጣኖቹን ይጨርሳል።

ኤፕሪል አጋማሽ፦ ኪሳራ

ሚሌፖራው፣ ሌላው የአክሮፖራ ዓይነት፣ ሞተ። ማታ ደህና ነበር፤ ጠዋት ሥጋው ከታች ወደ ላይ እየተገፈፈ በውሃው ውስጥ ይንሳፈፋል። ገና ጤነኛ ከሆነው ጫፍ ሁለት ቅርንጫፍ ቆርጬ አዮዲን ውስጥ ነከርኩ፤ አንዱም አልተረፈም።

ትሉ አይደለም የገደለው። የማከሚያ ታንኩ ዓሣ የለውም፣ ስለዚህ የሚያበላው ቆሻሻም የለም፤ ናይትሬትም ፎስፌትም ዜሮ ወርደዋል። በዚያ ላይ መብራቱ ከ20 ጋሎኑ በላይ በጣም ቅርብ ነው። ኃይለኛ ብርሃን ለጤነኛ ኮራልም ይከብዳል፤ ለቆሰለና ለተራበማ ይብሳል። መብራቱን ወደ ላይ ሰቀልኩት፣ ሰዓቱንም ቀነስኩት። የተመጠነ ናይትሬት መጨመር ጀመርኩ፤ ጠርሙሱ 18 ዶላር። አልካላይኒቲው በየቀኑ ይለካል። 20 ጋሎን ውሃ ውስጥ ትንሽ ስህተት ትልቅ ነው፤ በ340 ሊትር ውስጥ ሳይታወቅ የሚያልፈው የመጠን ስህተት እዚህ የኮራሉን ጫፍ ያቃጥላል።

ከሁለተኛው ዲፕ ብዙ ትል ወረደ፤ ትንንሽ ናቸው፣ አዲስ የተፈለፈሉ። ሦስተኛው ላይ አነሱ። ግሪን ስላይመሩ ሁሉም ቁርጥራጭ ይዟል፤ ሱፐር ግሉው ላይ መዘርጋት ጀምሯል።

ኤፕሪል መጨረሻ፦ አይፕታዢያ

ከጋራዥ ያመጣሁት የአሮጌ ታንክ ቱቦ ውስጥ አይፕታዢያ ተደብቆ ነበር። ቡናማ፣ ረጅም ጣት ያለው፣ የነካውን ሁሉ የሚነድፍ፣ አኒሞን የሚባል የባሕር እንስሳ ነው። መቁረጥና መፍጨት አይሆንም፤ ከእያንዳንዷ ቁራጭ አዲስ ይበቅላል። ካልክቫሰር፣ ማለትም ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ፣ በትንሽ ውሃ ለውሼ እንደ ሊጥ አወፈርኩት፤ ፓምፕ አጥፍቼ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ አፉ ላይ ቀስ ብዬ አስቀመጥኩለት። ምግብ መስሎት ይውጠዋል፤ ከዚያ ያበቃል። ቱቦውን ራሱን አውጥቼ ጣልኩት።

ለዋናው ታንክ ፔፐርሚንት ሽሪምፕ አስገባሁ፤ ሦስቱን 36 ዶላር። አይፕታዢያ ስለሚበሉ ብቻ አይደለም። እነዚያው የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች የዚህ ሽሪምፕ ዘመድ የሆነ ሌላ ዓይነት የትሉን እንቁላል እንደሚበላ አሳይተዋል። የእኔዎቹም ይበሉ እንደሆን ለማየት የሚያስችል አክሮፖራ ታንኩ ውስጥ አሁን የለም፤ ለአይፕታዢያው ግን ሌሊት ወጥተው ሲሠሩ አይቻቸዋለሁ።

ሜይ፦ ጥበቃ

ብዙ የሚጻፍ የለም። በየእሑዱ ዲፕ፤ ልጄ ባትሪ ትይዛለች። ከእያንዳንዱ ዲፕ በፊት ፕለጎቹ አንድ በአንድ ይገለበጣሉ። አንዱ ፕለግ ጠርዝ ላይ አዲስ የእንቁላል ክምር ተገኘ፤ በስካልፔል ተፋቀ፣ ቦታው በሱፐር ግሉ ተሸፈነ። በሱ ምክንያት ቆጠራው ከዚያ ቀን እንደገና ጀመረ። 38 ቀኑ የሚቆጠረው ምልክት ከጠፋበት ቀን ነው፤ ሥራው ከተጀመረበት ቀን ብቆጥር ኖሮ ያን ክምር ይዤው ወደ ዋናው ታንክ እመለስ ነበር።

ለዋናው ታንክ ቢጫ ኮሪስ ራስ (wrasse) የሚባል ትል የሚበላ ዓሣ ገዛሁ፤ 45 ዶላር። ባለ ስድስት መስመር የሚባለው ዘመዱም ትል ይበላል፣ እንዲያውም ከእሱ ይሻላል የሚሉ ብዙ ናቸው። ግን ሲያድግ ተደባዳቢ ነው፤ ሌሎቹን ዓሦች አያስቀምጥም። ቢጫው ሰላማዊ ነው፤ ማታ አሸዋ ውስጥ ገብቶ ስለሚተኛ አሸዋ ብቻ ይፈልጋል። ዓሣው ትል ይቀንሳል እንጂ አይጨርስም፤ በቅርንጫፍ ጉያ ውስጥ ያለውን አፉ አይደርስበትም። ከዲፑ በኋላ የሚመጣ ጠባቂ ነው።

ጎረቤታችን ያሉት አባት በዚህ ወር መጥተው ታንኩን አዩ። ወጣት ሳሉ አሰብ ወደብ ላይ ሠርተዋል። «ይሄን እኛ ከጀልባ ላይ ቁልቁል ነበር የምናየው፤ ድንጋይ ነበር የሚመስለን» አሉኝ። የማከሚያውን ታንክ አሳየኋቸው፤ ፖሊፖቹ ወጥተው ነበር። ምን እንደሚበላ፣ ስንት ዓመት እንደሚኖር፣ ትሉ ከየት እንደመጣ፣ አንድ በአንድ ጠየቁኝ። የመጨረሻው ጥያቄ መልስ አለው፤ ትሉ የመጣው ሳልለየው ቀጥታ ካስገባሁት የ60 ዶላር ፍራግ ጋር ነው።

ጁን አጋማሽ፦ መመለስ

በተከታታይ ዲፖች ባልዲው ውስጥ ምንም የለም። በማጉያ የታየው የፕለግ ሥር ንጹህ ነው፤ አዲስ ነጭ ነጥብም የለም። ዋናው ታንክ ከስምንት ሳምንት በላይ ያለ አክሮፖራ ቆይቷል። ሁሉንም በአንድ ቀን አልመለስኩም። መጀመሪያ ግሪን ስላይመሩንና ቴኑዊስ የሚባል አንድ ሌላ አክሮፖራ ብቻ፣ ታችኛው አሸዋ ላይ፣ ብርሃን በሚያንስበት ቦታ አስቀመጥኩ። እነሱ ላይ ንክሻ ከታየ ትሉ ዋናው ታንክ ውስጥ አለ ማለት ነው፤ ሌሎቹ አይነኩም። ካልታየ በሁለት ሳምንት ውስጥ የቀሩት ይከተላሉ። ወይን ጠጁ ጫፉ ላይ ቀለሙን መልሷል፤ ገና መሃሉ ቡናማ ነው።

ወጪው ሲደመር፦ መለኪያ 25፣ ማከሚያ ታንክ 185፣ መቁረጫ 32፣ ፕለግ 15፣ ሙጫና ኢፖክሲ 22፣ ዲፕ 28 ሲሆን ካለቀ በኋላ ደግሜ ስለገዛሁ 56፣ ናይትሬት 18፣ ሽሪምፕ 36፣ ዓሣ 45፣ ያልተከፈተው ሌቫሚሶል 20። 454 ዶላር፤ የጨውና የመብራት ሒሳብ ሳይቆጠር፣ የሞተው ሚሌፖራ ሳይቆጠር።

የማከሚያው ታንክ አይፈርስም። ከዚህ በኋላ የሚገዛ ማንኛውም አክሮፖራ ከፕለጉ ተቆርጦ፣ በአዲስ ፕለግ ተለጥፎ፣ በየሳምንቱ እየተነከረ እዚያ ውስጥ ይቆያል፤ ሂተሩ 27 ላይ እንዳለ። ቅዳሜ ከቨርጂኒያ ሁለት ፍራግ ይመጣል፤ ጓደኛዬ ራሱ «የእኔንም ቢሆን ለይተህ አቆየው» ብሎኛል። ፕለጎቹ ጨው ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፈዋል፤ አዲሱ የዲፕ ጠርሙስ ገና አልተነካም።